ሰውና እንስሳ በአንድ ወረቀት ላይ፦ ሥዕሉ ለምን የተለጠፈ ይመስላል?

ጥያቄ

«የምኖረው ሀዋሳ ነው። ሰውን፣ እንስሳንና ተፈጥሮን የሚያስተሳስሩ ተምሳሌታዊ ሥዕሎች በእርሳስና በጥቁር ቀለም እሠራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምስለው የሴት ፊት ነው፤ በጸጉሯ ቦታ ዛፍ፣ ትከሻዋ ላይ ወፍ፣ ከበስተኋላዋ ሐይቁ። ያየው ሰው ሁሉ 'ያምራል' ይልና ያልፋል፤ ምን ለማለት እንደፈለግኩ የሚገባው የለም። ለራሴም ሳየው ከተለያየ ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስለኛል። በዚያ ላይ ቀለሙን በውሃ ሳቀጥነው ወረቀቱ ይሸበሸባል። ምኑን ላስተካክል?»

ምላሽ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሰዎች «ያምራል» ብለው ማለፋቸውና ሥዕሉ የተለጠፈ መምሰሉ ምንጫቸው አንድ ነው። ወረቀቱ የዕቃ ጉዳይ ስለሆነ ወደ መጨረሻው አካባቢ እመለስበታለሁ።

በገለጹልኝ ሥዕል ውስጥ ሴትየዋ፣ ዛፉ፣ ወፉና ሐይቁ አብረው ቆመዋል፤ ነገር ግን አንዱ ለሌላው የሚያደርገው ነገር የለም። ወፉን አንስተው ድመት ቢያስቀምጡበት ሥዕሉ ምንም አይጎድልበትም። ይህን በእያንዳንዱ ሥዕልዎ ላይ ይሞክሩት፤ አንዱን አካል በሌላ ሲተኩት ነገሩ ካልፈረሰ ትስስር አልተሳለም ማለት ነው። ትስስር ግስ ይፈልጋል፦ ይመግባል፣ ይሸከማል፣ ይሸሽጋል፣ ይነጥቃል፣ ይመራል፣ ይጠብቃል። ስለዚህ እርሳስ ከማንሳትዎ በፊት ባለቤት፣ ተሳቢና ግስ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ሰውና ተፈጥሮ አንድ ናቸው» የሚለው አይሳልም፤ ማን ምን እንደሚያደርግ አይናገርምና። «ዓሣ አጥማጁ የጣለውን አባ ኮዳ (ትልቁ የሐይቅ ዳር ወፍ) ይለቅማል» የሚለው ግን ወዲያውኑ እጅ፣ ምንቃርና በመካከላቸው የሚወድቅ ነገር ይሰጥዎታል።

ሀዋሳ ለሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል፣ ጠዋት ዓሣ ሲበለት የሚጣለውን ሆድ ዕቃ የሚያነሱት አባ ኮዳዎቹ ናቸው። ሰውየው ሳያስበው መጋቢ ሆኗል፣ ወፉ ደግሞ ሳይቀጠር ጽዳት ሠራተኛ። በመካከላቸው ፍቅር ብቻ የለም፤ ጥገኝነትም ንቀትም መልመድም አለ፤ ለሥዕል የሚመቸውም ይህ ድብልቅነቱ ነው። ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ደግሞ ይመልከቱ። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ የተፈለፈሉትም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ልጅ ያዘለች እናት ሲስሉ ዓሣዋን ጎኗ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ የአንቀልባውን እጥፋት በዓሣዋ አፍና ጉንጭ ቅርጽ ቢሠሩት አንዱ ምስል የሁለቱንም ሥራ ይሠራል።

ሾላ የበለጠ ጥልቅ ነው። አበባው ከውጭ አይታይም፤ የሚያብበው ፍሬ በምንለው ነገር ውስጥ ነው። በጣም ትንሽ ተርብ በጠባብ ቀዳዳ ገብታ ታዳቅለዋለች፣ እንቁላሏንም እዚያው ትጥላለች። ዛፉ ያለ ተርቧ ዘር አይሰጥም፣ ተርቧም ያለ ዛፉ መራቢያ የላትም። ፍሬው ደግሞ ከግንዱና ከወፋፍራሙ ቅርንጫፍ ላይ በዘለላ ነው የሚወጣው፤ ሾላን በየቅጠሉ ጫፍ ላይ ፍሬ አንጠልጥሎ የሚስል ሰው ዛፉን አላየውም። ሐይቁንም እንደ መጋረጃ ከኋላ ከመዘርጋት ያድኑት። ወደ ሀዋሳ ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ የሚገባው ዋና ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው፤ ከሐይቁ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ ግን የለም። የገባው ደለልም ሆነ ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። የተሰጠውን ሁሉ የሚቀበልና የሚያወጣበት የሌለው አካል ማለት ነው፤ ይህን ያወቀ ሠዓሊ ሐይቁን ጌጥ አድርጎ ሊተወው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት በተመዘገበው የሲዳማ የአዲስ ዓመት በዓል፣ በፊቼ ጫምባላላም ላይ የጎሳ መሪዎች ለሕዝቡ ከሚሰጧቸው ምክሮች አንዱ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ የሚል ነው። እዚህ ላይም «ሽማግሌው ለዛፉ ይናገርለታል» የሚል ሊሳል የሚችል ግስ አለ።

የአገራችን የአሣሣል ባህል ይህን ጥበብ ከጥንት ያውቀዋል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሚሳሉበት ሥዕል ዙሪያቸውን አንበሶችና ነብሮች አሉ፣ ወፏ ደግሞ ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። ወፏ ጌጥ አይደለችም፤ ብትነሳ ታሪኩ ይጠፋል። አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞን የሚወጡት በእባብ ተይዘው ነው፤ እባቡ መሰላል ሆኗል። ቅዱስ ያሬድ ከዛፍ ላይ እየወደቀች እንደገና ከምትወጣው ትል ጽናት ይማራል። በሦስቱም እንስሳው ሥራ አለው። ከእነዚህ ሊወስዱ የሚገባው ግንባታውን ነው። የቅዱሳኑን መልክ ወስዶ በሌላ ቅርጽ መሥራት አማኙን ያሳዝናል፣ ሥዕልዎንም ወዳላሰቡት ክርክር ያስገባዋል፤ ስለዚህ እንዳያደርጉት እመክራለሁ።

የጠልሰም ጥቅልል፣ ማለትም ለጥበቃ የሚያዘው የብራና ክታብ፣ ደግሞ ትስስሩን ወደ ቁሱ ራሱ ያወርደዋል። ብራናው ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ ተሠርቶ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጥ ነበር፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው። የእንስሳው ቆዳ የሰውየው ሁለተኛ ቆዳ ሆነ ማለት ነው። በላዩ ላይ ያሉት ትልልቅ ዓይኖች፣ በስምንት ጫፍ ኮከብ መካከል የተቀመጠው ፊት፣ ሁሉም ወደ ተመልካቹ ቀጥ ብለው ያያሉ። ሠዓሊዎቹ እስክንድር ቦጎሲያንና ዘሪሁን የትምጌታ ከዚህ ባህል ብዙ ቀድተዋል። ለእርስዎ የሚጠቅመው አንዱ ነገር የሥዕሉን መጠን ከርዕሰ ጉዳዩ አካል መውሰድ ነው። ስለ አንድ አባ ኮዳ የሚሠሩት ሥዕል በወፉ ቁመት፣ እስከ 1.5 ሜትር ድረስ፣ ቁመታም ጥቅልል ቢሆን ተመልካቹ ገና ሳያነበው በአካሉ ይለካዋል።

ከሀዋሳ ወደ ደቡብ፣ በጌዴኦ፣ ከዲላ ብዙም ሳይርቅ በሸፔ ዓለት ላይ የተቀረጹት ከብቶችም ትምህርት ናቸው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ከብቶቹ አካላቸው ከጎን ይታያል፤ ቀንዳቸው ግን ከላይ እንደሚታይ ሆኖ ሙሉ ቅስቱ ተዘርግቷል። ጭንቅላቱ ትንሽ ነው፣ ጡቱ ደግሞ ጎልቶ ወጥቷል። ቀራጩ ስለ ከብቱ ለሰው የሚያስፈልገውን ነገር ብቻ አጉልቷል። ተምሳሌታዊ ሥዕል የግድ ፎቶ መሰል ትክክለኛነት አያስፈልገውም፤ ያጎሉት ነገር ግን ምክንያት ይኑረው።

አሁን ወደ መጋጠሚያው። የተለጠፈ የሚያስመስለው በሰውና በእንስሳው መካከል ያለው የተዘጋ መስመር ነው። ሴትየዋን ዙሪያዋን በ0.5 ሚሊ ሜትር ፋይንላይነር (ቀጭን ጫፍ ያለው የሥዕል ብዕር) ከብበው ወፉንም እንዲሁ ሲከብቡት ዓይን የሚያየው ሁለት የተቆረጡ ነገሮችን ነው። መጋጠሚያው ስፋት ያለው ቀጠና መሆን አለበት። ከጠቅላላው ምስል ርዝመት ሩብ ያህሉን ይስጡት፤ ኤ3 ወረቀት ላይ ምስሉ 28 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መሸጋገሪያው 7 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ ውጭ ሰው ሙሉ በሙሉ ሰው፣ እንስሳው ሙሉ በሙሉ እንስሳ ሆኖ ይቆይ። ሽግግሩ በ2 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ካለቀ የተሰፋ ይመስላል፤ የምስሉን ግማሽ ከያዘ ደግሞ ሁለቱም ማንነታቸው ይጠፋል።

በቀጠናው ውስጥ ሦስት ነገሮች ይለወጣሉ፣ በየተራ። መጀመሪያ የዳር መስመሩ፣ ቀጥሎ የጭረቱ አቅጣጫ፣ በመጨረሻ የቆዳው ገጽታ። ክንድ ወደ ክንፍ ሲለወጥ እንበል፦ የክንዱ ዳር ከክርኑ ጀምሮ ቀስ እያለ የክንፉን ቅስት ይይዛል፣ ቆዳው ግን ገና የሰው ነው። ትንሽ ወረድ ብሎ ክንዱን ዙሪያውን ያቅፉ የነበሩት ጭረቶች በየጥቂቱ እየዞሩ ከክንዱ ጋር ትይዩ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ነው ጭረቶቹ እየተሰባሰቡ ላባ የሚሆኑት። ሦስቱም በአንድ ቦታ ከተቀየሩ ዓይን እዚያ ላይ ይቆማል፤ የ«ተለጠፈ» ስሜት የሚመጣው ከዚያች ነጥብ ነው። የዳር መስመሩንም ከ0.5 ወደ 0.3፣ ከዚያ ወደ 0.1 ያቅጥኑት፤ ብርሃን በሚመጣበት በኩል ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ዓይን ክፍተቱን ራሱ ይሞላዋል፣ ሲሞላውም ሁለቱን አካላት ያገናኛቸዋል። ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ይምጣ፤ ከሁለት የተለያዩ ፎቶዎች የተቀዱ ፊትና ወፍ የሚጣሉት አብዛኛውን ጊዜ በጥላቸው ነው።

ሌላው መንገድ ለሁለት ባለቤት የሚያገለግል አንድ መስመር መፈለግ ነው፤ በእኔ እምነት ከሁሉም የላቀው ይኸኛው ነው። የሴትየዋ የአገጭና የአንገት መስመር የወፉ ጀርባ ሊሆን ይችላል። የጎንበስ ያለ ዓሣ አጥማጅ ጀርባ የሀዋሳው ታቦር ተራራ ገጽ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ መስመር ታስቦበት አይመጣም፣ ተፈልጎ ነው የሚገኘው። 6 በ8 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ትንንሽ ሳጥኖች ያስምሩና በእያንዳንዱ ላይ ከሦስት ደቂቃ ሳይበልጡ ደርዘን ያህል ይሞክሩ። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስቱ ሁሉም ሰው የሚያስበው ዓይነት ይሆናሉ፤ ጠቃሚው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ጸጉርና ዛፍ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሰናከል ለብቻው ልጥቀሰው። ጸጉር ቁልቁል ይወርዳል፣ አይከፈልም፤ ቅርንጫፍ ሽቅብ ይሄዳል፣ በየመገንጠያው ይከፈላል፣ በተከፈለ ቁጥርም ይቀጥናል። ልኩ ይታወቃል፦ ቅርንጫፍ ለሁለት እኩል ሲከፈል እያንዳንዱ ከፊተኛው ውፍረት ወደ 0.7 ይደርሳል። 10 ሚሊ ሜትር የነበረው ግንድ ወደ 7፣ ቀጥሎ ወደ 5፣ ከዚያ ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ውፍረት ይዞ የሚሄድ ቅርንጫፍ ገመድ ነው የሚመስለው። ጸጉሩን ወደ ዛፍ ለመውሰድ ሹሩባ ከተበተነ ጸጉር ይሻላል፤ ከግንባር የሚነሱት መስመሮቹ ሥር ይሆናሉ፣ አናት ላይ ሲሰባሰቡ ግንድ ይሆናሉ፣ ከዚያ ይከፈላሉ። ሹሩባው በበሬ የታረሰ ማሳ ትልም ሆኖ የሚታይበት ሌላ ሥዕልም አለ፤ እሱን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

አሁን ያለዎትን ሥዕል ሳይጥሉ ማዳን ከፈለጉ «ሴትየዋ አንገቷን ካዘነበለች የወፉ ጎጆ ይናጋል» በሚል ዓረፍተ ነገር ይሞክሩት። ወፉ ከትከሻዋ ይነሳና በሹሩባዋ ዛፍ ላይ ጎጆው ውስጥ ይቀመጥ። አንገቷ እንስራ እንደተሸከመ ሰው ቀጥ ይበል፣ የአንገቷ ጅማት ይታይ፣ ዓይኗ ሽቅብ ይመልከት፣ ራሷ ግን አይንቀሳቀስ። ሐይቁ ከበስተኋላ ይውጣና የዳርቻው መስመር የነጠላዋ ጥለት ይሁን። አራቱ ነገሮች ያው ናቸው፤ አሁን ግን አንዱ ቢነሳ ሌላው ይወድቃል።

ስለ እንስሳቱ አካል። ተምሳሌት ሲሆን ስህተት ይሸፈናል ብሎ ማሰብ ያታልላል፤ እንዲያውም ተመልካች አጥንቱን ሲያምነው ነው ሐሳቡን የሚቀበለው። የወፍ ክንፍ ክንድ ነው፤ ረጃጅሞቹ የዳር ላባዎች የሚበቅሉት ከእጅ ክፍል፣ ተከታዮቹ ከክርንና ከእጅ አንጓ መካከል ካለው አጥንት ነው። ስለዚህ ረጃጅሞቹን ላባዎች ከሰው ትከሻ ማስነሳት ክንፉን ካባ ያስመስለዋል። ወደ ኋላ የታጠፈው የወፍ «ጉልበት» ቁርጭምጭሚቱ ነው፤ እውነተኛው ጉልበት ከላባው ሥር ተደብቋል። የላምም እንዲሁ፤ ከኋላ እግሯ መካከል ያለው ሹል መታጠፊያ ተረከዟ ነው፣ የምትራመደው በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ላይ ነው። ሰው ወደ ላም ሲለወጥ ተረከዙ ሽቅብ ይወጣል፤ ጉልበቱ አይገለበጥም።

የአሞራ ገደሉ ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ የሰው እጅ ወደ ጉሬዛ እጅ የሚሸጋገርበት ሥዕል አምስት ጣት ከያዘ የተሳለው ሌላ ዝንጀሮ ነው። ይህች ትንሽ ልዩነት ራሷ ሐሳብ ትሰጣለች፤ የሰው እጅ መጥረቢያ የሚጨብጥበት ጣት በጉሬዛው እጅ ላይ የለም። ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፣ ጥቁሩ በኋላ ነው የሚመጣው። አባ ኮዳ ሲበር አንገቱን ሰብስቦ ነው፤ ዘርግተው ከሳሉት ሌላ ሽመላ ይሆናል። እግሩ ነጭ የሚመስለው ለማቀዝቀዣ ራሱ ላይ ስለሚጸዳዳ ነው፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ ጠቆር ያለ ነው። ጉማሬ ውሃ ውስጥ ሲሆን ጆሮው፣ ዓይኑና አፍንጫው በአንድ መስመር ከውሃው በላይ ይቀራሉ። አምባዛ አፉ ዙሪያ አራት ጥንድ ጢም አለው፤ ሁለት ብቻ ከሳሉለት ከዓሣ አጥማጅ ፊት አያልፍም።

ዓይን ላይ ይጠንቀቁ። የፍየል፣ የበግ፣ የላምና የአህያ የዓይን ብሌን አግድም ነው፤ የድመት ቀጥ ያለ ስንጥቅ፤ የአንበሳ ግን እንደ ሰው ክብ። የላም ዓይኖች በግራና በቀኝ ስለሆኑ ፊት ለፊት ከመጣች ሁለቱም እኩል ወደ ተመልካች አያዩም። ሁለቱንም ወደ ፊት ሲያዞሯቸው ላሟ የሕፃናት መጽሐፍ ሥዕል ትሆናለች፤ ከሰው ጋር የነበራት ልዩነት ስለጠፋ ትስስሩም ይጠፋል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉው ደግሞ በጎኑ በአንድ ዓይን ይሳላል። ይህን የለመደ ተመልካች አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታይ እንስሳን በጥርጣሬ ሊያየው እንደሚችል አስበውበት ይሳሉ።

ይህን ሁሉ ከፎቶ መማር ከባድ ነው። በጠዋት ከዓሣው ገበያ ዳር ሆነው በ4ቢ (ለስላሳና ጠቆር ያለ) እርሳስ፣ ያለ ላጲስ፣ ለእያንዳንዱ 30 ሰከንድ እየሰጡ ይሳሉ። አባ ኮዳ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ስለሚቆም ለጀማሪ የተመቸ ነው። ጦጣና ጉሬዛን ለማቅረብ ምግብ አይስጧቸው፤ ምግብ የለመደ እንስሳ የሚያሳየው ጠባይ የልመና ነው፣ ስዕልዎም እሱኑ ይቀዳል።

ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው የውሃ ነጸብራቅ ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ከላይ ዓሣ አጥማጁ፣ ከሥሩ በውሃው ውስጥ አባ ኮዳው። እንዲታመን የሚከተለውን ያክብሩ። እያንዳንዱ ነጥብ ነጸብራቁ በቀጥታ ከሥሩ፣ ከውሃው መስመር በእኩል ርቀት ላይ ነው፤ ጥላ እንደሚያጋድለው አያጋድልም። ስለዚህ የሰውየው ራስና የወፉ ራስ ከውሃው መስመር እኩል መራቅ አለባቸው፣ ትከሻ ለትከሻም እንዲሁ። ነጩ ነገር በውሃው ውስጥ ትንሽ ይጠቁራል፣ ጥቁሩ ትንሽ ይነጣል። ሞገዱን በአግድም ቁርጥራጭ መስመር ይስጡት፤ ወደ ተመልካች ሲቀርብ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ይስፋ። የአድማሱ መስመር ደግሞ በሰውየው አንገት ላይ እንዳያልፍ፤ ራሱን የቆረጠው ይመስላል።

ለጥቁርና ነጭ ሥዕል ሦስት ደረጃ ይበቃል፦ ነጭ፣ መካከለኛና ጥቁር። ከወረቀቱ ወደ 60 በመቶ አንዱን፣ 30 በመቶ ሌላውን፣ 10 በመቶ ሦስተኛውን ይስጡ፤ እኩል ከተካፈሉት ዓይን የት እንደሚያርፍ አያውቅም። ከሁሉ የጠቆረው ጥቁር ከሁሉ ከነጣው ነጭ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ግሱ ያለበት ይሁን፤ ምንቃሩ እጁን የሚነካበት፣ ሥሩ ቆዳውን የሚገባበት። ብዙዎች ይህን ኃይል በዓይን ላይ ያባክኑታል፣ ዓይን ማሳመር ደስ ስለሚል። ጭረት ላይ ጭረት ሲደርቡ በ90 ዲግሪ አያቋርጡት፣ የወንፊት መልክ ይይዛል፤ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ይበቃል። በ0.1 ብዕር በ1 ሚሊ ሜትር ርቀት ፈዘዝ ያለ ጥላ፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር ጠቆር ያለ ጥላ ያገኛሉ።

ተመልካቹ የሚያነበው በራሱ አገር ፊደል መሆኑንም ይወቁት። ከኢንተርኔት የሚቀዳ ጉጉት የጥበብ ምልክት ሆኖ ይመጣል፤ እዚህ ጉጉት የጮኸበት ቤት መጥፎ ወሬ ይጠበቃል። ቁራ ካስቀመጡ ብዙው ሰው ተልኮ የቀረውን የኖኅን ቁራ ያስባል። ጅብ በተረታችን ሆዳም ነው፤ ሐረር ላይ ግን ሰው በእጁ ያበላዋል፣ ስለዚህ የሐረሩን ጅብ ለመሳል የሚያበላው እጅ አብሮ መታየት አለበት። ከኢንተርኔት የተቀዳ ተኩላ በጨረቃ ላይ ሲያላዝን መሳል ግን ለማንም አይናገርም። ሥዕሉ ማለቁን ለማወቅ ለአራት ለአምስት ሰው ለ10 ሰከንድ ያህል አሳይተው ይደብቁትና «ማን ምን እያደረገ ነው?» ብለው ይጠይቁ። «አማረ?» ብለው ከጠየቁ ሁሉም በጨዋነት «አዎ» ይሉዎታል። ግሱን የሚናገሩ ከግማሽ በታች ከሆኑ ችግሩ በንድፉ ላይ ነው፤ ጥላ መጨመር አያድነውም።

ወደ ወረቀቱ። የሚሸበሸበው የፎቶኮፒ ወረቀት ወይም ስስ የሥዕል ደብተር ስለሚጠቀሙ ይመስለኛል። 80 ግራም (በካሬ ሜትር) ወረቀት ውሃ ሲነካው ክሩ ይነፋና እኩል ስለማይደርቅ ይጎብጣል፤ ምንም ዘዴ አያስተካክለውም። በውሃ ለሚቀጥን ቀለም 300 ግራም፣ ቢያንስ 200 ግራም ያስፈልጋል። 200 ግራሙን ይወጥሩት፦ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል ይንከሩት፣ አንስተው ውሃው ይንጠፍጠፍ፣ ኮምፔንሳቶ ላይ ያንጥፉትና ዳሩን በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ፣ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ በስቴፕለር ይምቱት። በጥላ ሥር ጋደም ብሎ ይድረቅ። አቁመው ካደረቁት ውሃው ወደ ታች ይሰበሰብና ከላይ ቀድሞ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ ካደረጉት ከመምቻው ይቀደዳል። የወረቀት ፕላስተር በረጠበ ወረቀት ላይ አይይዝም። ሥዕሉ አልቆ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ብቻ ይቁረጡት። ወፍራም ወረቀት ከጠፋ ውሃውን ይተዉና ጥላውን በጭረትና በነጠብጣብ ይሥሩት፤ 160 ግራም ለዚህ ይበቃል።

ቀለሙ ውሃ የማይፈታው ኢንዲያን ኢንክ ይሁን። መፈተኛው ቀላል ነው፤ መስመር ያስምሩ፣ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፣ በረጠበ ብሩሽ ይለፉበት። ከደበዘዘ ለመስመር አይሆንም። እስክሪብቶ በብርሃን ይለቃል፣ ለሚሰቀል ሥዕል አይጠቀሙበት። ኢንዲያን ኢንክን ቀለም በሚሞላ የጽሕፈት ብዕር ውስጥ አያስገቡ፣ ደርቆ ይዘጋዋል፤ እየነከሩ የሚሠሩበትን ብዕር ይጠቀሙ፣ ሥራ ሲያቆሙም ወዲያው ይጠቡት። ለጥላ ሦስት ኩባያ ያዘጋጁ፦ አንድ ጠብታ ቀለም በሁለት፣ በስድስትና በአሥራ አምስት ጠብታ ውሃ። ከቀላሉ ወደ ጠቆረው ይሂዱ፤ እያንዳንዱ ሽፋን ሳይደርቅ ሌላ ከደረቡ ዳሩ ላይ የአበባ ጎመን የሚመስል እድፍ ይወጣል።

ንድፉን ከትንሿ ሳጥን ወደ ትልቁ ወረቀት ሲያሻግሩ ካርቦን አይጠቀሙ፣ ሰም ስላለው ቀለም አይቀበልም፣ በላጲስም አይለቅም። በስስ ወረቀት ጀርባ ላይ 4ቢ እርሳስ ቀብተው በላዩ ይከተሉት። ወረቀቱ ላይ ያለው እርሳስ ፈዘዝ ያለ ይሁን፤ ውሃ ካለፈበት በኋላ አይጠፋም። ላጲስ የሚያልፈው መስመሩ ከደረቀ ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው፣ አለዚያ ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል። ያለቀውን ሥዕል የጸጉር ስፕሬይ አይርጩበት፣ ከጊዜ ጋር ያቢጨዋል። በመስታወት ሲያስገቡት መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ በዙሪያው ወፍራም ካርቶን ፍሬም ያስገቡ፤ በዝናብ ወራት ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀ ሥዕል ሲላቀቅ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ከመስኮት ትይዩ ያለ ግድግዳ ላይም አይስቀሉት።